ለአንድ ዳንስ ሦስት ምስክር

በ2079 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ ጥርስ ለማስነቀል ሦስት ምስክር ያስፈልግ ነበር። ቤት ለመከራየት ሦስት፤ ሞተር ሳይክል ለመግዛት ሦስት፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ከሁለት ሌሊት በላይ ለማደርም ሦስት። ምስክሮቹ ከዘመድ መሆን አለባቸው። መዝገቡ እስከ ሰባት ቤት ያለውን ዘመድ ስለሚቆጥር ሕዝቡ ራሱን መዝገቡን «ሰባት ቤት» ብሎ ይጠራው ነበር። ጥያቄው ለዘመዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጆሮው ላይ ይደርሳል። ሦስት ሰው በገዛ ድምፁ «አውቃለሁ» ካለ ነገሩ አለቀ። ሦስት ሰው «አላውቅም» ካለም አለቀ። ማን ምን እንዳለም ዘመዱ ሁሉ ይሰማል።

አቶ ወንድይፍራው የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ከመቅረቡ በፊት መስሚያቸውን ጆሯቸው ላይ ይሰኩና የሌሊቱን ጥያቄ ይሰማሉ። የደሴዋ የእህታቸው ልጅ ሱቅ ልትከፍት ነው። «አውቃለሁ» ይላሉ፤ ሻይ ፉት ይላሉ። የሩቅ ዘመድ ወተት ላም ሊሸጥ ነው። «አውቃለሁ።» ዳቦ ይቆርሳሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ጥያቄ ከቁርስ በኋላ አቆይተው አያውቁም። ዘመድ የቸገረው ነገር ሲኖር «ወንድይፍራው ከእንቅልፉ ይነሳ እንጂ የአንዱ ምስክር ነገር አልቋል» ይል ነበር።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ትርሲት። በታኅሣሥ አስራ ስምንት ዓመት ሞላት፤ በዚያው ሰኔ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። ተመራቂዎች ትምህርት ቤታቸውን የሚሰናበቱት በዳንስ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ተጀምሮ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ያበቃል። ለመግባት የሚሞላው ቅጽ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፤ «ብቻ» እና «ጥንድ»። ብቻውን ለሚመጣ ማንም አይጠየቅም። በጥንድ ለሚመጣ ግን፣ ወላጅ ልጁ ከማን ጋር እንዳለ እንዲያውቅ በሚል፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ጥንዱ ወንድና ሴት ይሁን የሚል ነገር ቅጹ ላይ የለም። የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ክልከላው ከሕግ ከተሰረዘ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ከንፈር መምጠጥን ግን ያነሳው አዋጅ አልነበረም።

ትርሲት ለሁለት ሳምንት ቅጹን ሳትሞላ ቆየች። ከለሊሴ ጋር በትምህርት ቤቱ አጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳሉ፣ ያሰበችውን አውጥታ ተናገረች።

«ሁለታችንም ‹ብቻ› ብለን እንሙላና ውስጥ እንገናኝ።»

ለሊሴ ኦብሳ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የክፍል ጓደኛዋ ናት። ረጅም ናት፤ መረብ ኳስ ትጫወታለች፤ ነገር ስትናገር አታድበሰብስም።

«እሺ፣ ውስጥ ገባን» አለች። «ምንሽ ነኝ?»

«ያው… ጓደኛዬ።»

«ጓደኛሽማ ክፍሉ በሙሉ ነው።»

«ሴትና ሴት ቢደንሱ ማን ልብ ይላል? ሁሉም ይደንሳል እኮ።»

«አዎ፣ ማንም ልብ አይልም። እኔን ያስጠላኝ እሱ ነው።» ለሊሴ ጫማዋ ውስጥ የገባውን ጠጠር አራገፈች። «ብቻ ብዬ ከተጻፍኩ ብቻዬን ነው የምሄደው። ብቻዬን ከምሄድ ደግሞ ቤቴ ብውል ይሻለኛል። እናቴ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ዘመድ ቤት ስትዞር ነው የከረመችው። ሁለቱም አጎቶቼ ዘንድ ሄዳ፣ ቁጭ ብላ፣ ነግራቸዋለች።»

«ምን ብላ?»

«ስለ አንቺ ነዋ። አንዱ እሺ ለማለት ሦስት ሳምንት ፈጀበት። አለ ግን።»

ትርሲት አፈረች። የለሊሴ እናት በዚያ ሁሉ ፀሐይ ከሰው ቤት ሰው ቤት ሲሄዱ እሷ ለገዛ እናቷ እንኳ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቅጹን ሞላችው።

ጥያቄው ሁለት መቶ አስራ አራት ዘመዶቿ ጆሮ ላይ ደረሰ፦ «ትርሲት ወንድይፍራው ቅዳሜ በትምህርት ቤቷ የስንብት ዳንስ ላይ ከለሊሴ ኦብሳ ጋር በጥንድ ትገኛለች። ይህን ያውቃሉ? መልስ እስከ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት።»

እንደ ወትሮው ቢሆን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያለቀ ነበር። ያን ቀን ግን እስኪመሽ አንድም ሰው አልመለሰም። ትርሲት ቁጥሩን ደጋግማ ጠየቀች። «ያወቀ የለም፤ ያላወቀ የለም» እያለ የመዝገቡ ለስላሳ ድምፅ መለሰላት። ጥያቄው ደርሷቸው እንደሆነ ጠየቀች። ለሁሉም ደርሷል፤ ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰምተውታል።

እናቷ ወይዘሮ አልጋነሽ ከሥራ ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አሉ።

«ምንም አላደረግሽኝም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ለምን ትጽፊዋለሽ? ልጅቷ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ታድራለች። ‹ማናት?› ብዬ ጠይቄሽ አውቃለሁ? እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ስትሄዱ ማን ምን አለ? ሁለት ሴት ልጅ እጅ ለእጅ ቢያያዝ ያገራችን ወግ ነው። ተጽፎ ሲነበብ ግን ሌላ ነው!»

አቶ ወንድይፍራው እራታቸውን በልተው እጃቸውን ታጠቡና ገብተው ተኙ። በማግስቱ ጠዋት መስሚያቸውን ጆሯቸው ላይ አልሰኩትም። ከስኳሩ ዕቃ አጠገብ አስቀምጠውት ሻያቸውን ጠጡ። የወንድማቸው ልጅ ለሞተር ሳይክል የሚጠብቃት አንዲት ምስክርነት ቀርታው ነበር፤ እሷም ሳትመለስ ዋለች።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የመጀመሪያው «አላውቅም» መጣ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከእናቷ ወንድም ከአቶ ተካልኝ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የእሳቸው ታላቅ ልጅ ደገመ። አሁን አንድ «አላውቅም» ብቻ ነው የቀረው። ትርሲት ለለሊሴ አልነገረቻትም። የለሊሴ ሦስቱም ምስክሮች በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ነበር የተሟሉት።

ሐሙስ ጠዋት ከሁለት መቶ አስራ አራቱ አንዱ «አውቃለሁ» አለ። ባዬህ ነው፤ በጅቡቲ መንገድ ላይ የጭነት መኪና የሚነዳ የአባቷ የአጎት ልጅ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ትርሲት በስህተት የመለሰ መስሏት ደወለችለት። የመኪናው ድምፅ ከበስተጀርባ ያጓራል።

«ጋሼ ባዬህ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከማን ጋር እንደሆነም?»

«ያቺ ረጅሟ አይደለችም? ባለፈው ስመጣ ሽሮውን አብራን የበላችው?»

«እሷ ናት።»

«እና ምን ልበል? ‹ታውቃለህ ወይ› ብሎ ጠየቀኝ። አውቃለሁ። ዓይን አለኝ። ውሸታም ልሁን እንዴ?»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለች።

«ኧረ ቆይ፣ አታመስግኚኝ። ብትጠይቂኝ አልወደውም። ነገሩ አይገባኝም። ግን መውደዴን የጠየቀኝ የለም።» ጥሩምባ ነፋ። «በይ ደህና ሁኚ፣ ቁልቁለት ላይ ነኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት ወደ አባቷ መጠገኛ ሄደች። አቶ ወንድይፍራው አንድ አሮጌ ፓምፕ ፈትተው ክፍሎቹን በጆንያ ላይ ደርድረዋል። መግባቷን አይተው ቀና አላሉም። ትርሲት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ ካልኩ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁሉም ‹ከመቼ ጀምሮ?› ብሎ ይጠይቀኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

አቶ ወንድይፍራው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት።

«ከስምንተኛ ክፍል» አሉ።

ትርሲት በርጩማውን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ታይፎይድ የያዘሽ ጊዜ። እናትሽ እንዳይተላለፍባት ብላ ያቺን ልጅ አላስገባም አለቻት። እሷ ታዲያ በየቀኑ እየመጣች መስኮቱ ሥር ቆማ የቀኑን ትምህርት ታነብልሽ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅም አትሄድም። አስራ አንድ ቀን ሙሉ። ሐኪሙ ‹በዘጠነኛው ቀን ድናለች› አለኝ። አንቺ ግን ብርድ ልብስ ተከናንበሽ ሌላ ሁለት ቀን ታመምሽ።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ቴርሞሜትሩን ሻይ ውስጥ ስትነክሪው አይቼሻለሁ። ያኔ አወቅሁ።»

«ለምን ዝም አልክ፣ አባዬ?»

«ፈርቼ ነዋ። ሌላ ምን አለ? ያልተናገርኩትን ማንም አይጠይቀኝም። ደግሞ አንቺን የጠበቅኩሽ መስሎኝ ነበር።» ጨርቁን አጣጥፈው አስቀመጡ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ማላውቀው ሰው ላም አውቃለሁ እያልኩ ኖርኩ። የማን ላም እንደሆነች እንኳ አላውቅም ነበር።»

መስሚያውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ጆሯቸው ላይ ሰኩት። ጥያቄው እስኪያልቅ ጠብቀው «አውቃለሁ» አሉ። ድምፃቸው ጠዋት ጠዋት ቁርስ ላይ የሚሰማው ድምፅ አልነበረም። ቀጥለው የሞተር ሳይክሉንም መለሱ። ወዲያው ስልካቸው ይጮህ ጀመር። አንዱን አንስተው «አዎ፣ ሰምተሃል» ብቻ አሉና ሌሎቹን እንዲጮሁ ትተው ወደ ፓምፑ ተመለሱ።

ዓርብ አስር ሰዓት ላይ ቁጥሩ ሁለት ለሁለት ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጥያቄው ይዘጋል። ትርሲት ወደ መናኸሪያው ሮጠች።

ወይዘሮ አልጋነሽ የአሰላ መስመር ተራ አስከባሪ ናቸው። ሰሌዳው ሰዓቱንም መቀመጫውንም ያሳያል፤ ነገር ግን መንገደኛ ሰው ካልጠራው አይንቀሳቀስም። የአልጋነሽ ድምፅ ከመናኸሪያው በር ማዶ ይሰማል። «አሰላ! አሰላ! ሁለት ሰው! አሰላ!» ልጃቸውን ሲያዩ ዝም አሉ።

«አላውቅም አላልኩም» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው።

«አውቃለሁም አላልሽም።»

«ዝም ማለት ክፉ ነገር መሰለሽ? በዝምታ ነው ያሳደግኩሽ። የማኅበር ሴቶች ‹ልጅሽ ወንድ አትቀርብም እንዴ?› ሲሉኝ ‹ትምህርቷ ይበልጥባታል› እያልኩ። ያ ሁሉ ምን ይመስልሻል? ጣሪያ ነው! ዝናብ እንዳይነካሽ የሠራሁት ጣሪያ ነው። አሁን በገዛ እጅሽ ልታፈርሺው ነው።»

«ጣሪያው ዝቅ ብሎብኛል፣ እማዬ። አጎንብሼ ነው የምኖርበት።»

ወይዘሮ አልጋነሽ አዩዋት። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ወደ አውቶቡሱ ጀርባ ሄዱ። ትርሲት ተከተለቻቸው። እናቷ መስሚያቸውን በጣታቸው ተጭነው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። መዝገቡ መለሰላቸው፦

«ድምፅዎ አልተሰማም። ከፍ አድርገው ይድገሙ።»

ግራና ቀኝ አይተው በሹክሹክታ ደገሙ።

«ድምፅዎ አልተሰማም። ከፍ አድርገው ይድገሙ።»

ሦስተኛውን በእጃቸው አፋቸውን ከልለው አሉት።

«ድምፅዎ አልተሰማም። እባክዎ ከፍ…»

«አውቃለሁ!» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

የአሰላው ድምፅ ነበር። ሦስት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ዞሮ አየ። ቆሎ የምታዞረው ሴት መስፈሪያዋን እንደያዘች ቆመች። አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ ያሳረፈ መንገደኛ አንገቱን አስግጎ፣ «እማማ፣ ምኑን ነው የሚያውቁት?» አለ።

«ልጄን ነው!» አሉት። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ግባ፣ አትገተር! አንድ ሰው ነው የቀረው!»

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትርሲትና ለሊሴ አዳራሹ በር ላይ ቆሙ። ለሊሴ የእናቷን አረንጓዴ ሻርፕ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። ትርሲት የለበሰችው ቀሚስ ከወገቡ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። በሩ ስማቸውን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጮክ ብሎ አነበበ። «ትርሲት ወንድይፍራው እና ለሊሴ ኦብሳ። ጥንድ ሠላሳ ሰባት።»

ሙዚቃው አልቆመም። የሚሳደብም አልነበረም። ነገር ግን ወደ መሐል ሲገቡ በዙሪያቸው ያለው ሰው ቀስ እያለ ሸሸ፤ ሁለት እርምጃ ያህል ባዶ ቦታ ክብ ሠርቶ ከበባቸው። አንድ አባት ከወላጆች ወንበር ተነስተው ልጃቸውን በክንዷ ይዘው አወጧት። ልጅቱ እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እያየች ሄደች።

«እንውጣ?» አለች ትርሲት።

«ለመግባት ስንት ቀን ፈጀብን!» አለች ለሊሴ። እጇን ዘረጋችላት።

ትርሲት ዳንስ አትችልም። እግሯ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ የለሊሴን ጫማ ረገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ መልሳ ረገጠች። ክቡ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ ሁሉም ያያል። ላቧ በጀርባዋ ወረደ። በመጀመሪያው ዘፈን ስለ ሰዎቹ አሰበች። በሁለተኛው ስለ ሰዎቹ ዓይን አሰበች። በሦስተኛው ትከሻ የሚያስመታ ዘፈን መጣና ስለ ትከሻዋ አሰበች። ለሊሴ ከት ብላ ስትስቅባት፣ እሷም ሳቀች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የቀሩት ተማሪዎች ገቡ። አዳራሹ ጠባብ ነበር። ክቡ ከአንድ ወገን ተገፋ፤ ከሌላ ወገን ጎደለ። ደግነት አልነበረም፤ የቦታ ጥበት ነበር። የሚደንስ ሰው እጁን የሚያወራጭበት ይፈልጋል። አንድ ልጅ ከኋላዋ መጥቶ በክርኑ ጀርባዋን መታትና ዞር ብሎም ሳያያት ዳንሱን ቀጠለ። ትርሲት በሕይወቷ ሙሉ እንደዚያ ክርን ያስደሰታት ነገር አልነበረም። እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ድረስ ጨፈሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህ ነው። አቶ ተካልኝ የእህታቸውን ቤት ደጃፍ መርገጥ አቆሙ። ወይዘሮ አልጋነሽ ከማኅበራቸው አራት ወር ቀሩ። በአምስተኛው ወር ሴቶቹ ራሳቸው መጥተው ወሰዷቸው፤ ይቅርታ የጠየቀም፣ ነገሩን ያነሳም የለም። አቶ ወንድይፍራው ጠዋት ጠዋት መመስከራቸውን ቀጠሉ፤ አሁን ግን አንዳንዱን ጥያቄ ደውለው ያጣራሉ፣ ሌላውን እስከ ማታ ያቆዩታል። ዘመዶቻቸው ዘገየህ እያሉ ያማርራሉ።

ለሊሴ ጎንደር ተመደበች፤ ትርሲት አርባ ምንጭ። ለአንድ ዓመት በየቀኑ ይደዋወሉ ነበር። ከዚያ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ፤ ከዚያ በሳምንት። በሁለተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ለሊሴ፣ እንደ ልማዷ ሳታድበሰብስ፣ ሌላ ሴት እንዳለች ነገረቻት። ከዚያ ዳንስ ከወጡት ጥንዶች አብዛኞቹ የተለያዩት በዚያው ሰሞን ነው።

ትርሲት ለገና ወደ ቤቷ መጣች። መኝታ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ጉንፋን ነው ብላለች። ወይዘሮ አልጋነሽ ከመናኸሪያ ተመልሰው በሩን ገፋ አደረጉና ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ያበጠ እግራቸውን አልጋው ላይ ሰቀሉ።

«ለሊሴ ናት?» አሉ።

የትርሲት ትከሻ ተንቀጠቀጠ። በጭንቅላቷ አዎ አለች።

«ተነሽ እስቲ። ምን አለችሽ?»

ትርሲት ተነስታ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ስልኩ እንዴት እየራቀ እንደሄደ፣ ለሊሴን ምን ብላ እንደጠየቀቻት፣ ለሊሴ ምን እንደመለሰች። እናቷ እያቋረጡ ጠየቁ። «ያኔ ነው የነገረችሽ?» «ስሟ ማን ይባላል ያቺኛዋ?» «አንቺ ታዲያ ዝም አልሽ?» ተቆጡ፣ አዘኑ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫዋን ጠረጉላት።

«እኔ ድሮም» አሉ በመጨረሻ፣ «ያቺ ልጅ ትንሽ ኩራት አለባት ብያለሁ።»

«መቼ አልሽ?»

«በሆዴ ነዋ!»

ትርሲት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ወይዘሮ አልጋነሽ ግን አልሳቁም። ትራሱን ወደ ጀርባቸው አመቻቹና፣ «በይ ቀጥይ» አሉ፤ «ጎንደር ልጠይቅሽ ልምጣ ስትያት ምን አለችሽ?»